አሮጌው ኦራልና ሊማሊሞ

ኦራልን የማያውቅ የለም። አፍንጫው ረዥም፣ ስድስቱም ጎማ የሚገፋ የጦር መኪና ነው። ስሙ የመጣው ኡራል ከሚባሉት የሩሲያ ተራሮች ነው፤ ሕዝባችን ግን ኦራል አለው። በደርግ ጊዜ በብዛት አገራችን ገባ።

እኛ መሠረተ ትምህርት የምናስተምር ተማሪዎች፣ ከጦር ሠራዊት የወጣ አንድ አሮጌ ኦራል ጎንደር ውስጥ ሲታደስ አየን። ባለቤቱ በደባርቅና በአዲ አርቃይ መካከል እህልና ማዳበሪያ ሊያመላልስበት ነው የገዛው። በዕረፍት ቀናችን እየሄድን ቡሎን ፈታን፣ ዝገት ፋቅን፣ ብዙም ጠየቅን።

ሞተሩ በቤንዚን የሚሠራ፣ ባለ 8 ፒስተን፣ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። ጠጪ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ወደ 50 ሊትር ቤንዚን ይፈልጋል። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሊትሩን ዋጋ በ50 አባዙትና እዩት!

ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል። አየር ሲያጥረው ቤንዚኑን በደንብ አያቃጥልም፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ እዚያ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል።

ፋብሪካው ራሱ በ1970 ዓ.ም. በናፍጣ የሚሠራ፣ 210 የፈረስ ጉልበት ያለው ኦራል ማውጣት ጀምሮ ነበር። የዚያ ዓይነት ሞተር ከሌላ ከተሰበረ ኦራል ተወስዶ ተገጠመ። ናፍጣም ደጋ ላይ ይደክማል፤ ግን ጠጪነቱ ያነሰ ነው።

ክርክሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞ አለ። ከ1928 ዓ.ም. በኋላ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ቆርጦ የሠራው ጥምዝምዝ መንገድ ነው። (ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎማ የምንላቸውም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ጣሊያን ሄደ፣ ቃሉ ቀረ።) የናፍጣ ሞተር ቁልቁለት ላይ እንደ ቤንዚን ሞተር መኪናውን አይዝም። ስለዚህ በጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ የሚዘጋ ክዳን ይገጠምለታል። ሾፌሩ ሲዘጋው ጭሱ መውጫ ያጣል፣ ሞተሩ ይከብደዋል፣ መኪናው ያዝ ይላል።

ባለቤቱ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ይቅር። የእግር ፍሬን አለ አይደል? ብሩ አልቆብኛል» አላቸው መካኒኩን።

«ብር አለቀ ተብሎ ፍሬን ይቀነሳል እንዴ ልጄ? ሊማሊሞን በእግር ፍሬን ብቻ ከወረድህ ሸራው ይግላል፣ ይቃጠላል። ያን ጊዜ ብትረግጠውም አይዝልህ። የሰው ነፍስ ነው።»

«እኔ የምጭነው እህል ነው፤ ሰው አልጭንም።»

«አትጭንም? የገበያ ቀን እናይሃለን!»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሱ ግን ተቆጥቶ ወጣ። መኪናው ሁለት ሳምንት ቆመ። እውነት ለመናገር ለባለቤቱም አዘንን፤ የተበደረው ገንዘብ ነበር። መካኒኩ ግን ክዳኑ ሳይገጠም ቁልፉን አልሰጥም አሉ። በመጨረሻ ሌላ ብር ተበድሮ መጣ።

ከመውጣቱ በፊት ቀለምና ብሩሽ ሰጡን። በበሩ ላይ «ከ50 ኩንታል በላይ አይጫንም» ብለን ጻፍን። 50 ኩንታል ማለት 5 ቶን ነው፤ ኦራል የተሠራው ለዚያ ነው። ከኋላ ደግሞ «ከጭነት ላይ ሰው አይወጣም» አልን። ሁለቱንም አሁን ማንበብ ትችላላችሁ። ስትሳፈሩ አንብቡት፤ ከዘለለም ለሾፌሩ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወርድ ጋቢና ውስጥ ነበርን። መካኒኩም አብረው መጡ። ሾፌሩን፣ «ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» አሉት። በዝቅተኛ ማርሽ፣ ክዳኑን እየዘጋ፣ የእግር ፍሬኑን አልፎ አልፎ ብቻ እየነካ ወረደ። ዛሪማ ስንደርስ ረዳቱ ዘሎ ታኮ አስገባ። መካኒኩ ወርደው ጎማዎቹን አንድ በአንድ አሸተቱ። የተቃጠለ ሸራ አልሸተተም። «ሻይ አምጡልኝ» አሉና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።