ጎማው ከፍ ሲል

ሚያዝያ 18፣ 2017፣ ቅዳሜ፤ ሱሉልታ

ነገ ዳግማይ ትንሣኤ ነው፤ ለበዓሉ እህቴ ቤት መጥቻለሁ። ወንድማችን ለልጇ የላከው ሪሞት መኪና ለፋሲካ ከውጭ ከገባ ሰው ጋር ደርሷል። አሻንጉሊት ነው ብዬ ነበር፤ ገልብጬ ሆዱን ሳየው ግን እውነተኛ መኪና ሆኖ አገኘሁት። ሞተር፣ ዲፈረንሻል፣ ሴሚያስ፣ አሞርዛተር፤ ጋራዥ ውስጥ በየቀኑ የምፈታው ሁሉ በመዳፍ ልክ ተሠርቶ ገብቶበታል።

ልጁ ገና ሁለት ቀን ሳይነዳው ጉድለቱን አግኝቶለታል። «ጋሼ፣ ሣር ውስጥ ሆዱ ይያዛል። ትልቅ ጎማ እናድርግለት?»

እምቢ ለማለት አንደበቴ አልታዘዘኝም። በእሱ ዕድሜ የሽቦ መኪና ስሠራ ጎማውን የምቆርጠው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ነበር፤ ሰፈር ውስጥ የሚከበረውም ትልቁን ጎማ የቆረጠ ልጅ ነው።

ሚያዝያ 24፣ አርብ፤ ሰበታ

መርካቶ ምናለሽ ተራ ከአንድ የሞተ ትልቅ አሻንጉሊት ላይ አራት ጎማ ከነቸርኬው ገዝቼ ነበር። የመሃሉ ቀዳዳ ስላልገጠመ ዛሬ ሰበታ ወደማውቃቸው የቶርኖ ባለሙያ ወሰድኩት። ባለ ስድስት ማዕዘኑን፣ 12 ሚሊ ሜትር የሆነውን መያዣ ከአሉሚኒየም አወጡልኝ። አራቱንም ሲጨርሱ ቡናችን አልቀዘቀዘም።

በካሊፐር ለካነው። የፋብሪካው ጎማ 95 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእኛው 125። ሚዛን ላይ ስናስቀምጠው የድሮው 60 ግራም፣ አዲሱ 110 ግራም ሆነ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ትንሽ አዩኝና «መልበሱን ይለብሳል፤ መሸከሙን ግን ሞተሩን ጠይቀው» አሉኝ። ሰማሁ፤ አልጠየቅሁም።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ፤ ሱሉልታ

ሜዳው ላይ ሲቆም ቁመቱ እውነትም ያምር ነበር። ጠፍጣፋው ላይ እንዲያውም ከበፊቱ ፈጠነ። የሚያታልለው ይሄ ነው፤ ሞተሩ በቀድሞው ልክ እየዞረ ጎማው በአንድ ዙር የሚሄደው መሬት በሲሶ ያህል ስለረዘመ፣ ለሚያየው ሰው ጉልበት የጨመረ ይመስላል።

ሣሩ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ተለወጠ። ከቆመበት ለመነሣት አቃሰተ። ሦስተኛዋ ጉብታ ላይ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው ቀጥ አለ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሞተሩን በጣቴ ስነካው አንድ ሰከንድ እንኳ አላስቆየኝም። ባትሪውም እንደ ትኩስ ዳቦ ሆኗል።

እዚያው ሣሩ ላይ ተንበርክኬ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታሁ። ሞተሩ ላይ ያለችው ትንሿ የብረት ጥርስ ባለ 17 ናት፤ ጭረት የለባትም። ከእሷ ጋር የሚነካከሰው ትልቁ የፕላስቲክ ጥርስ ግን በአንድ ወገኑ ስምንት ያህል ጥርስ ተላጭቶ ባዶ ሆኗል። ነጭ ዱቄቱ ግራሶው ላይ ተበትኗል፤ ከባዶው ጎንና ጎን ያሉት ጥርሶች ጫፋቸው ቀልጦ ወደ አንድ አቅጣጫ ታጥፈዋል።

ልጁ አላለቀሰም። ዱቄቱን በጣቱ አንሥቶ ሲያየው ቆየና «እኔ ነኝ ያበላሸሁት?» አለኝ። አይደለም አልኩት። ጎማውን የገጠምኩት እኔ፣ ሙያውም የእኔ ነው። ይህን ሳልነግረው ብቀር ኖሮ ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ፤ ቡራዩ

ዛሬ ደግሞ በትልቁ መጣ። በአምቦ መስመር ድንጋይ የሚጭን አይሱዙ ፍሪሲዮኑ ተበልቶ እየተንተፋተፈ ጋራዣችን ገባ። ከስድስት ወር በፊት በእኔው እጅ የተቀየረ ፍሪሲዮን ነው፤ ገና ሊያልቅ አይገባም ነበር። መኪናውን ዞር ዞር ብዬ ሳየው ጎማው ከፍ ብሎብኛል። 7.50 በ16 የነበረው 8.25 በ16 ሆኗል። በሜትር ስለካው 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ የነበረው ቁመት ወደ 86 ደርሷል።

«ከፍ ይላል፤ ድንጋይ አይመታውም፤ ጭነትም ይችላል» አለኝ ባለቤቱ።

እንዲህ ብዬ አስረዳሁት። ባልዲ ውሃ ጎንህ አስጠግተህ ስትይዝና ክንድህን ዘርግተህ ስትይዝ ውሃው ያው ነው፤ የሚያምህ ግን ትከሻህ ነው። ጎማ ክንድ ነው፤ ዲፈረንሻሉ ትከሻ። ጎማው በረዘመ ቁጥር ያንኑ ድንጋይ ለማንቀሳቀስ ሴሚያሱ የበለጠ መጠምዘዝ አለበት። ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት አልጨመረም፤ ስለዚህ ሾፌሩ ዳገት ሲነሣ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዞ ያስነሣዋል፤ ፍሪሲዮኑም ይጋያል። ፍሪሲዮኑ ጠንካራ ቢሆን ኖሮ ተራው የክሮቼራው፣ ቀጥሎም የሴሚያሱ ነበር።

ይህ ሁሉ በገንዘብ የሚያልቅ ነው። እኔን ያስፈራኝ ፍሬኑ ነው። ጎማ ሲያድግ ፍሬኑ አብሮት አያድግም፤ ያው ከበሮ ያው ሸራ ሆኖ የሚይዘው ክንድ ረዝሟል። ፍጥነት ቆጣሪውም ይዋሻል፤ 60 እያለ መኪናው 64 ይሄዳል። ድንጋይ ጭኖ ከሱሉልታ የእንጦጦን ቁልቁለት ሲወርድ አሰብኩት፤ ከፊቱ ሚኒባስ፣ ዳር ዳሩን እንጨት የተሸከሙ እናቶች። ይህንንም ነገርኩት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ እንደነበር ረዳቴ በኋላ ነግሮኛል።

«ማስተር፣ ጎማው እኮ አዲስ ነው። አውጥቼ ልጣለው?» አለኝ። ሸጠህ የልኩን ግዛ አልኩት። «አስብበታለሁ» ብሎ ሄደ።

ግንቦት 8፣ አርብ፤ ቡራዩ

ማታ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። 125 ለ95 ሲካፈል 1.32 ይመጣል። ባለ 17ቷ ጥርስ በዚያው ልክ ካነሰች 13 ትሆናለች። ባለ 13 ጥርስ ከየት ይገኛል ብዬ ለእህቴ ስደውል ልጁ ስልኩን ተቀብሎ «ካርቶኑ ውስጥ ትንሽ ፌስታል አለች» አለኝ። ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ፤ ቆጠርኩ፤ 13 ናት። የሠራው ሰው እንደ እኛ ያለው እንደሚመጣ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ትልቁን የፕላስቲክ ጥርስ ግን ወንድማችን ገዝቶ በሰው ይልካል።

አንድ ነገር አሁንም ከነከነኝ። ትንሿ ጥርስ የምታካክሰው የቁመቱን ነው። ክብደቱስ? አብዛኛው ክብደት ያለው ጎማው ዳር ላይ ነው፤ ዳር ላይ ያለ ክብደት ደግሞ ለማስነሣትም ለማቆምም ከመሃሉ ይበልጥ ይከብዳል። ርቀቱን በራሱ አባዝቼ በክብደቱ ስመታው አዲሱን ጎማ ማሽከርከር ከድሮው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። በጥርስ ልክ የሚፈታው ከፊሉ ነው፤ የቀረው በነጂው እጅ ነው።

ሱሉልታ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ናፍጣ ሞተር እዚያ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የባትሪ ሞተር ለመሥራት አየር አይፈልግም። ለመቀዝቀዝ ግን ይፈልጋል፤ የሣሳ አየር ሙቀት ቶሎ አይወስድለትም።

ሰኔ 1፣ እሑድ፤ ሱሉልታ

ጥርሱ ደርሷል። ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ እሱ እንዲገጥመው አደረግሁ። ከደብተሩ ቀጭን ወረቀት ቀደደ፤ በሁለቱ ጥርሶች መሃል አስገባው፤ ሞተሩን ወደ ትልቁ ጥርስ ገፍቶ ብሎኑን አጠበቀ። ከዚያ ጎማውን በእጁ ሲያዞር ወረቀቱ ተጨማዶ፣ ሳይቀደድ ወጣ። ቢቀደድ ኖሮ ጥርሶቹ ተጣብቀዋል ማለት ነበር፤ ሳይጨማደድ ቢወጣ ደግሞ ተራርቀው ዳግመኛ ይላጩ ነበር።

ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ሣሩ እርጥብ ነው። ጠፍጣፋው ላይ ፍጥነቱ እንደ ፋብሪካው ሆነ፤ ልጁ ቅር አለው። ጉብታዋን ግን ሳያቃስት ወጣት። ስንጀምር አንድ ደንብ አውጥተናል፦ ከቆመበት ሲነሣ ቀስ፣ በየአምስት ደቂቃው ማቆም፣ ሞተሩን መንካት። ጣቱን አሳርፎ እስከ አሥር መቁጠር ከቻለ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ላይ አሥር ደረሰ። ሁለተኛው ላይ ሰባት ላይ እጁን አነሣ፤ ሳልነግረው ባትሪውን ራሱ ነቀለ።

ሣሩ ላይ ቁጭ ብለን እስኪቀዘቅዝ ስንጠብቅ ቀደም ብዬ ያወራሁለትን የአይሱዙውን ነገር አነሣብኝ።

«ጋሼ፣ ሰውየው ጎማውን መለሰ?»

አልመለሰም። ትናንት ቡራዩ አደባባይ ላይ አየሁት፤ እስከ አፉ ድንጋይ ጭኖ ነበር። ልጁ ስልኬን ከኪሴ አውጥቶ ሰጠኝ። ደወልኩ፤ አላነሣም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ድጋሚ ደወልኩ።