«አታፍርም?» ከማለት «ስንት አጨስክ?» ማለት

ዛሬ የሰውን ገመና ትቼ የራሴን ላወራ ነው። አጫሽ ነኝ… አሥር ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝ። ባለፈው ክረምት ሳል ቢጠናብኝ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ደረቴን አዳመጠና፣ «ገና በወጣትነትህ! ትንሽ አታፍርም?» አለኝ። ሌላ ምክር የለም። እፍረቱ መች ጠፋኝ! ከግቢው እንደወጣሁ ያገኘሁትን ሱቅ በደረቴ አስቁሜ አንድ ፍሬ ገዛሁና በንዴት ለኮስኩት።

ይህንኑ ሲድኒ፣ አውስትራሊያ ለሚኖረው የአክስቴ ልጅ በስልክ ባጫውተው ሳቀብኝ። አብሮት የሚሠራ አንድ አቦርጂናል፣ ማለትም የአገሩ ነባር ሕዝብ ተወላጅ አለ፤ ሲጋራ ያቆመው በገዛ ወገኖቹ ክሊኒክ ነው አሉ። ነገሩ ቢከነክነኝ ፈልጌ አነበብኩ።

አቦርጂናሎች በየሆስፒታሉ መናቅና መገፋት ቢሰለቻቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ሬድፈርን በተባለው የሲድኒ ሰፈር የራሳቸውን ክሊኒክ አቋቋሙ። ዛሬ በመላ አገሪቱ እንዲህ ያሉት ከመቶ በላይ ናቸው፤ ቦርዱን የሚመርጠው የየአካባቢው ሕዝብ ነው። ከ2010 ወዲህም መንግሥት ለሲጋራ ቅነሳ በሚመድበው ገንዘብ አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

እንዴት አድርገው? የአክስቴ ልጅ ባልደረባ እንዳለው፣ የመጣችለት ሠራተኛ የሰፈሩ ልጅ ናት፤ ራሷም አጭሳ ያቆመች። ሻይ ጠጣች፣ የእናቱን ጤና ጠየቀች፣ ስለ ሲጋራው የተወራው ከዚያ በኋላ ነው። ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን የኒኮቲን መድኃኒት አመጣችለት፤ ልጆች ባሉበት ቤት እንዳያጨስ መከረችው። ሁለት ጊዜ አቁሞ ሁለት ጊዜ ሲጀምር አንድም ቀን አልተቆጣችውም።

ደግሞ ይህን ስሙ! በቀድሞው ዘመን በከብት እርባታና በሚስዮን ሰፈሮች ለአቦርጂናል ሠራተኞች ብዙ ጊዜ በደመወዝ ፈንታ የሚሰፈርላቸው ዱቄት፣ ስኳር፣ ሻይና… ትምባሆ ነበር። ራስህ አስጀምረኸው ስታበቃ «አታፍርም?» ትለዋለህ?

ከአቦርጂናሎችና ከቶረስ ስትሬት ደሴቶች ተወላጆች መካከል 15 ዓመት ከሞላቸው በየቀኑ የሚያጨሱት በ2018-19 ከመቶ 37 ነበሩ፤ በ2022-23 ወደ 29 ወረዱ። የትምባሆ ግብሩም የፓኬቱ ሕግም ድርሻ አላቸውና ሁሉንም ለክሊኒኮቹ አልሰጥም። ሃያ ዘጠኙም ቢሆን ገና ብዙ ነው።

እኔ ሰፈር እንዲህ ያለ ክሊኒክ የለም። ያለችኝ እናቴ ናት። ለዓመታት እኔ ማስቲካ እያኘክሁ እገባለሁ፣ እሷ ያልሸተታት ትመስላለች። አንድ ቀን ቡና ላይ ሁሉንም አፍረጠረጥኩት። ትጮኽብኛለች ብዬ ስጠብቅ ጀበናውን አስቀምጣ፣ «በቀን ስንት ነው ልጄ?» ብቻ አለችኝ። አሥራ አምስት ነበር። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ትጠይቀኛለች፤ እኔም አልዋሻትም። ባለፈው ሳምንት እስከ አራት ወርጄ ነበር። ትናንት ከሰው ተጣልቼ ዘጠኝ አጨስኩ። ነገርኳት።

«ነገስ?» አለችኝና ሁለተኛውን ስኒ ቀዳችልኝ።