ለጥቂት ወራት መቺ

ልጃችሁ «ትምህርቴን ትቼ ሙዚቀኛ ልሁን» ያላችሁ ወላጆች፣ ቴሪ ቻይምስ የሚባለውን እንግሊዛዊ ብታውቁት ደስ ይለኛል።

ፓንክ የሚባለው ጩኸታም ሙዚቃ ለንደን ውስጥ ሲጀመር፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ቻይምስ ለ«ዘ ክላሽ» ባንድ ድራም ይመታ ነበር። ዓመቱ ሳይሞላ ተለያዩ። ሆኖም የመጀመሪያውን አልበም ሲቀዱ ተመልሶ መታላቸው። አልበሙ በ1977 ሲወጣ ስሙን «ቶሪ ክራይምስ» ብለው ጻፉት፤ «የወግ አጥባቂዎቹ ወንጀል» እንደማለት ነው። የጓደኛ ስላቅ! ቦታውን ቶፐር ሄደን ያዘ። በ1982 ሄደን በሄሮይን ሱስ ምክንያት ሲሰናበት ቻይምስን መልሰው ጠሩት፤ በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ በነበረው በሺ ስታዲየም መድረክ ላይ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ለቀቀ። ኋላ ተምሮ የጀርባ አጥንት በእጁ የሚያክም ባለሙያ ሆነ። በ2003 ባንዱ በአሜሪካ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ ላይ ሲሰፍር የእሱም ስም አብሮ ሰፈረ።

ይህን ሰው ያወቅሁት በልጄ ስልክ ነው። የወደድኩት ግን እኔም ለአጭር ጊዜ መቺ ስለነበርኩ ነው።

በደርግ ጊዜ ቀበሌዎች የኪነት ቡድን ነበራቸው። እዚህ ደብረ ማርቆስ የእኛ ወጣቶች ምኞት የጎጃም ክፍለ ሀገር ቡድን የነበረው ግሽ ዓባይ መግባት ነበር። እኔ እዚያ አልደረስኩም፤ ስምንት ወር ያህል በቀበሌያችን አዳራሽ ከበሮ መታሁ። ክረምት ላይ የጮቄ ብርድ ሲወርድ ቆዳው ይላላል፣ ድምፁ እርጥብ ጆንያ እንደመምታት ይሆናል። ስለዚህ ከልምምድ በፊት እሳት ዳር አሞቀዋለሁ። በዛ ካለ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ በመዳፌ እየዳበስኩ ነበር የማውቀው። ጨፋሪ ትከሻውን የሚሰጠው ለዘፋኙ ሳይሆን ለመቺው መሆኑንም ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ የመምህርነት ሥልጠና ደረሰኝና ተውኩት። ስሜን የመዘገበው የለም፤ ጣቶቼ ግን ዛሬም ጠረጴዛ አያስቀምጡም።

አሁን ልጄ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆቴል ውስጥ ድራም ይመታል። ባንዱ አዲስ አበባ ሊገባ ሲነሣ፣ ዓመቱን አቋርጬ ልከተል አለ። እናቱ አለቀሰች። እናቴማ «አዝማሪ ሊሆን ነው?» ብላ፣ ሰው የሞተ ይመስል ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተቀመጠች። አዝማሪ መባል ምን ነውር እንዳለው አይገባኝም፤ ሠርግ ላይ እኮ ሽልማት የምታስቀድመው እሷ ናት።

እኔ «ፈተናህን ጨርስ፣ ክረምቱን ሂድ፣ መስከረም ላይ ምዝገባ አለ» አልኩት። «እስከዚያ ሌላ መቺ ቢያገኙስ?» አለኝ። ቻይምስን ሁለት ጊዜ ጠርተውት የለ? ብዬ ተከራከርኩ። ባንዱ እስከ ሰኔ ይጠብቀው እንደሆነ ገና መልስ አልመጣም። እናቴ ለማርቆስ ተስላለች፤ ሌላ መቺ እንዲያገኙ።