ቡቺም ጀርመን ሊሄድ ነው!

እኛ አገር «ፕሮሰስ» ሲባል የሰው ነው። ስፖንሰሩ፣ የኤምባሲው ቀጠሮ፣ አሻራው… ሁሉም የሰው! ውሻም ፕሮሰስ አለው፣ ያውም ከሰው የባሰ፣ ብሎ የሚያወራ ቢመጣ «ይሄ ደግሞ ጠገበ» ነው የሚባለው። እኔም ዘንድሮ ከጠገቡት ተቆጥሬላችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ ባሏ ጀርመን ነው። ቪዛዋ ሲመጣ ቤታችን በእልልታ ቀለጠ። እሷ ግን እልልታው ሳያባራ «ቡቺስ?» አለች። ቡቺ አባታችን አንድ ማታ በኮቱ ኪስ ይዞት የገባ ቡችላ ነበር። አባታችን ያረፈ ጊዜ ከውጭ በር ሥር አልነሳም፣ አልበላም ያለውን ውሻ በእጇ እያጎረሰች ያተረፈችው እሷ ናት።

እማዬ ይህን ስትሰማ ምን አለች መሰላችሁ? «ስንቱ የሰው ልጅ በባህር እያለቀ ለውሻ አውሮፕላን? እግዜርን አትፈሪም?» እውነቷን ነው፤ መልስም የለኝም። ግን ቡቺ እዚህ ስለቀረ ከባህር የሚተርፍ ልጅ እንደሌለም አውቃለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ውሻውን ይዤ ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድኩ።

የክትባት ደብተሩ ሙሉ ነው፣ በየዓመቱ ተወግቷል። ሐኪሙ ደብተሩን አገላብጦ «ቺፑስ?» አለ። ቺፑ የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ በመርፌ ከቆዳ ሥር የምትቀበር፣ 15 አሃዝ ቁጥር ያላት ነገር ናት። ለአውሮፓ ኅብረት መጀመሪያ ቺፕ፣ ከዚያ ክትባት ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ክትባቱ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ በኋላ ሳስበው ግን ደብተሩ ላይ የተጻፈው «ወንድ፣ ቡናማ» ነው። ወንድ ቡናማ ውሻ ደግሞ በኛ ሰፈር ብቻ ስንት አለ!

እንግዲህ አስሉት። ቺፕ ገባ፣ ተከተበ። ቢያንስ 30 ቀን ይቆይና ደም ይወሰዳል። ደሙ ኅብረቱ ወደሚቀበለው ላቦራቶሪ ይላካል፤ ውጤቱም በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። አለፈ? ገና ነው! ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ 3 ወር ይጠበቃል። በጠቅላላው ከ4 ወር በላይ ማለት ነው። የእህቴ ቪዛ የሚያገለግለው ደግሞ ለ3 ወር ብቻ!

«3 ወር ምን ያደርጋል?» ብዬ ሐኪሙን ሞገትኩት። የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተደብቆ ይቆያል አለኝ። ከክትባቱ በፊት የተነከሰ ውሻ ካለ በዚያ መሀል ሕመሙ ይታይበታል። በሽታው እዚህ አገር ዛሬም ሰው እየገደለ ስለሆነ «ፈረንጅ ሲያካብድ ነው» ለማለት አፌ አልደፈረም።

ይሄኔ ነው «ጉዳይ አስፈጻሚው» ከች ያለው። እሱ የማያውቀው ቢሮ የለም። «ብራዘር፣ ምን ያስጨንቃችኋል? ቀኑን ወደ ኋላ አድርጌ በሁለት ሳምንት አስጨርሳለሁ» አለ። እህቴ ዓይኗ በራ። ባሏ በስልክ «ለመሆኑ የምትመጪው ለኔ ነው ለውሻው?» ማለት ከጀመረ ሰንብቷል፤ አልፈርድባትም። እኔ ግን እንቢ አልኩ። እዚህ አገር ብዙ ነገር በዘመድ፣ በሻይ ቡና ይፈጥናል፤ የውሻ ደም ግን ዘመድ አያውቅም። ወረቀቱና እውነቱ ሳይገጥም ቢቀር እዚያ ኤርፖርት ላይ ሦስት ነገር ይጠብቃል፦ በመጣበት መመለስ፣ በባለቤቱ ወጪ ለብቻው መታሰር፣ ሁለቱም ካልተቻለ ደግሞ… በመርፌ ማስተኛት። ሦስተኛውን ስነግራት ደላላውን በራሷ አፍ አባረረችው።

ታዲያ «አንቺ ሂጂ፣ እሱን በኋላ እልክልሻለሁ» አይባልም? አይባልም! ውሻው ባለቤቱ በተጓዘ በ5 ቀን ውስጥ ካልተጓዘ እንደ ንግድ እንስሳ ይቆጠርና ሌላ ጥብቅ ሕግ ይመጣበታል። ስለዚህ እህቴ ሄደች፤ 3 ወሩ ሲያልቅ ተመልሳ መጥታ ትወስደዋለች። ለዚህ የሚሆነውን የቲኬት ገንዘብ ያጠራቀመችው ለቬሎ ካሰበችው ላይ ቀንሳ ነው። ባሏ አኩርፎ ነበር። አሁን ግን «ደሙ ምን አለ?» እያለ የሚደውለው እሱ ሆኗል።

እስከዚያ የኔ ሥራ ቡቺን ከሳጥኑ ጋር ማላመድ ነው። ሳጥኑ ውሻው ጭንቅላቱ ጣራ ሳይነካ የሚቆምበት፣ የሚዞርበትና ተዘርግቶ የሚተኛበት መሆን አለበት። በሩን ከፍቼ ምሳውን እዚያ ውስጥ እሰጠዋለሁ። መጀመሪያ ቀን አንድ እግሩን ብቻ አስገብቶ በላ፤ አሁን ሳይጠሩት ገብቶ ያንኮራፋል። «የእንቅልፍ ክኒን ስጠውና ይገላገል» የሚሉኝን አልሰማም። ማደንዘዣ በአየር ላይ ትንፋሽንና የደም ግፊትን ስለሚያዛባ ሐኪሞች አይመክሩትም፤ አደንዛዥ የወሰደ ውሻ አንቀበልም የሚሉ አየር መንገዶችም አሉ። ሆዱ ስለሚጫንበት ክፍል ብዙ ሰው «ታፍኖ ይሞታል» ይላል፤ እንስሳ የሚጫንበት ክፍል ግን አየሩም ሙቀቱም እንደ መንገደኛው ክፍል ይጠበቃል። የሚያሰጋው አፍንጫቸው ድፍጥጥ ያለው የፈረንጅ ውሾች ናቸው፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። የቡቺ የሐበሻ አፍንጫ ለዚህ እንኳ ጠቀመ!

ሌላው የቦታ ጉዳይ ነው። በአንድ በረራ የሚጫነው እንስሳ የተወሰነ ስለሆነ ለራሳችሁ ቲኬት ስትቆርጡ የእሱንም በዚያው ቀን አስይዙ። የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የሚፈርምበት የጤና ወረቀት ግን አይቸኮልበትም፤ ከመግባቱ በፊት ባሉት 10 ቀናት ውስጥ የተሰጠ መሆን አለበት።

አሜሪካ የምትሄዱ ደግሞ ሕጉ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ወዲህ ከ6 ወር በታች የሆነ ቡችላ አይገባም። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ካለባቸው አገሮች ስለተመደበች እዚህ የተከተበ ውሻ የሚገባው ለዚሁ በተመረጡ ጥቂት ኤርፖርቶች ብቻ ነው፤ እዚያም መቆያ ቦታ አስቀድሞ ይያዝለታል።

እማዬ? እሷ አሁንም «ጉድ ነው!» ትላለች። ትናንት ግን ሳጥኑ ውስጥ የአባታችንን አሮጌ ጋቢ አጥፋ ስታነጥፍ አገኘኋት። «ምነው?» ብላት «አገሩ ብርድ ነው ይላሉ» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።