ከጭብጨባ በኋላ ያለ ትምህርት

«ትምህርቴን ጨረስኩ» ማለት በአገራችን በጣም የተለመደ ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን የፈጸመው ይለዋል፤ ጋዋን ለብሶ ፎቶግራፍ የተነሣውም ይለዋል፤ ወላጆችም ስለ ልጆቻቸው ሲጠየቁ በኩራት ይሉታል። እኔም በአስተማሪነቴ ዘመን ሁሉ ስሰማው ኖሬአለሁ። የጥንቱ የዜማ ቤት ተማሪ ግን እንዲህ ሲል አይሰማም ነበር። ድጓውን አንድ ጊዜ የዘለቀ ሰው፣ በሌላ አገር ስመ ጥር መምህር መኖሩን የሰማ እንደ ሆነ፣ አኩፋዳውን አንግቦ ይሄዳል፤ እዚያም ደርሶ ከትንንሾቹ ልጆች መካከል ተቀምጦ እንደ ገና ያዜማል። (እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ስለ ሆንሁ ይህን ያወቅሁት ከጎረቤት ነው እንጂ አኩፋዳ አልተሸከምሁም።)

ዛሬ በዚህ ነገር የማጫውታችሁ ግን ስለ መሪጌታ ሳይሆን ስለ አንዲት አሜሪካዊት የጃዝ ዘፋኝ ነው። ስሟ ኤላ ፊትዝጄራልድ ይባላል። «የዳንስ ቤት ዘፋኝ ለወጣት ምን ልታስተምር ነው?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝና ታሪኳን ይስማ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ድምፅዋን መጀመሪያ የሰማሁት ከአንድ የሒሳብ አስተማሪ ባልደረባዬ ቤት ነው። እኔ የማውቀው መዝሙር በአራት ድምፅ ተከፍሎ ከሃርሞኒየም ጋር የሚዘመረውን፣ እያንዳንዱ ሰው የሚያወጣው ድምፅ አስቀድሞ በወረቀት የተጻፈለትን ነበር። ይህች ሴት ግን ዘፈኑን እስከ መካከሉ በቃሉ ካደረሰችው በኋላ ቃሉን ጥላ፣ «ዱ» «ባ» «ዲ» እያለች ትርጕም በሌላቸው ድምፆች እንደ ጥሩምባ ትወጣ ትወርድ ጀመር። ምንም አልገባኝም። ባልደረባዬ ሳቅ አለና ካሴቱን መልሶ አጠነጠነው፤ «አሁን እርሷን ተዋትና ከሥር የሚሄደውን ባሱን ስማ» አለኝ። ባሱን በተከተልሁ ጊዜ፣ ያ እንደ ልብ የሚፈስ የሚመስለው ድምፅ እያንዳንዱ እርምጃው በተዘጋጀለት ድንጋይ ላይ እንደሚያርፍ ተሰማኝ።

ይህን አዘፋፈን ስካት ይሉታል። የእኛ አዝማሪ ዜማውን እንደ ያዘ ቃሉን እዚያው በዚያው ይፈጥራል፤ ከተሰብሳቢውም ግጥም ይቀበላል። የጃዝ ዘፋኝ በስካት ጊዜ የምታደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ቃሉን ትታ ዜማውን እዚያው በዚያው ትፈጥራለች። ለማያውቀው ሰው ሁለቱም የዘፈቀደ ሥራ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግን ብዙ ዓመት ያልተማረ ሰው የሚደፍራቸው አይደሉም።

ኤላ በ1917 ቨርጂኒያ ውስጥ ኒውፖርት ኒውስ በምትባል ከተማ ተወለደች፤ ያደገችው ግን በኒውዮርክ አጠገብ በዮንከርስ ነው። በ1932 እናቷ ሞተችባት። ከዚያ በኋላ ኑሮዋ ተበላሸ፤ ልጃገረዶችን ለማረም ተብሎ በተቋቋመ የመንግሥት ቤት ገባች፤ ከዚያም ጠፍታ በሃርለም መንገዶች ላይ ያለ መጠለያ ትውል ነበር። በኖቬምበር 1934፣ በዐሥራ ሰባት ዓመቷ፣ በአፖሎ ቲያትር የጀማሪዎች ውድድር ላይ ስሟን አስመዘገበች። ሐሳቧ ለመደነስ ነበር። ነገር ግን ከእርሷ በፊት የወጡት ኤድዋርድስ የሚባሉ እኅትማማቾች ዳንሱን እንዲያ አሳምረውት ስለ ወረዱ፣ ከእነርሱ በኋላ መደነስን ፈርታ ዘፈነች። 25 ዶላር የሆነውን አንደኛውን ሽልማትም ወሰደች።

እንግዲህ በዚያች ቅጽበት የዘፈነችው በማን ድምፅ ነበር? በኮኒ ቦስዌል ነው። ኮኒ በዚያን ጊዜ ከእኅቶቿ ጋር ስመ ጥር የሆነች ዘፋኝ ስትሆን፣ የኤላ እናት ሸክላዋን ወደ ቤት አምጥታ ነበርና ልጅቱ እርሷን ለመምሰል ስትጣጣር ነው ያደገችው። የመጀመሪያ አስተማሪዋ የሸክላ ማጫወቻ ነው ማለት ነው።

ይህን ነገር አንሥቼ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ካስተማርኋቸው ልጆች መካከል አንዲት መልካም ድምፅ ያላት ልጅ ነበረች። በወላጆች ቀን ዘፍና አዳራሹ ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበላት፤ ዘመዶቿም «አንቺማ ተፈጥሮ አድሎሻል፤ ምን ትምህርት ያስፈልግሻል?» አሏት። የመዘምራን አሠልጣኙ ኖታ ላስተምርሽ ቢላት እንቢ አለች። እኔ ጠርቼ በጠየቅኋት ጊዜ የመለሰችልኝ ቃል ግን የትዕቢት አልነበረም። «ሌላ ሰው ሲያስተምረኝ የራሴ ድምፅ አይጠፋብኝም ወይ?» ነው ያለችኝ። ይህ የብዙ ወጣት ሥጋት ስለ ሆነ በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። ገጣሚ ለመሆን የሚመኝ ልጅ የቀደሙትን ግጥሞች ላለማንበብ የሚያቀርበው ምክንያት ይኸው ነው፤ ሠዓሊም እንዲሁ።

የኤላ ታሪክ ለዚህች ልጅ ጥያቄ ምን እንደሚመልስ እንመልከት።

በ1935 ቺክ ዌብ የሚባል ከበሮ መቺ በሚመራው የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ገባች። ቺክ ዌብ በልጅነቱ በያዘው የአከርካሪ ሕመም ምክንያት ቁመቱ ያጠረ፣ ጀርባው የጎበጠ ሰው ነበር፤ መጀመሪያም ልብሷንና መልኳን አይቶ ሊቀበላት አመንትቶ ነበር ይባላል። ጓዱ የሚጫወተው ሃርለም ውስጥ በሳቮይ አዳራሽ ነው። ወደዚያ አዳራሽ ሰው የሚሄደው ተቀምጦ ለማድነቅ ሳይሆን ለመደነስ ነው። ስለዚህ ዘፋኟ ምቱን አንዲት ቅንጣት ብትስት ስሕተቷ በሺህ እግሮች ላይ ይታያል። ከእንዲህ ያለ መምህር ፊት በየሌሊቱ የቆመ ሰው ጊዜ መጠበቅን ሳይወድ በግዱ ይማራል።

በ1938 ከልጆች ጨዋታ የተወሰደውን «ኤ ቲስኬት ኤ ታስኬት» የሚለውን ዘፈን አወጣች፤ ሸክላውም በመላው አሜሪካ ተሸጠ። ዕድሜዋ ሃያ አንድ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ቺክ ዌብ ሞተና ጓዱ በእርሷ ስም ተጠራ፤ እስከ 1942 ድረስም መራችው። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቍጥር የሚያስፈራኝ የ1934ቱ ረኃብ ሳይሆን የ1938ቱ ጭብጨባ ነው። ረኃብ ሰውን ቢያንስ ወደ ፊት ይገፋዋል። ጭብጨባ ግን «በቃሽ፤ እዚሁ ቁሚ» ይላል። ያንኑ አንድ የልጆች ዘፈን እያዞረች ብትዘፍን ዕድሜ ልኳን እንጀራ በበላች ነበር።

ከዚያ በኋላ ሙዚቃው ተለወጠ። ዲዚ ጊለስፒ በጥሩምባው፣ ቻርሊ ፓርከርም በሳክስፎኑ ቢቦፕ የተባለውን አዲስ ስልት አመጡ፤ ፈጣን፣ አስቸጋሪ፣ ለዳንስም የማይመች ነበር። በጦርነቱ ማግሥት ትልልቆቹ የዳንስ ጓዶች አንድ በአንድ ተበተኑ፤ የእነርሱ ዘፋኞች የነበሩትም ብዙዎቹ ተረሱ። ኤላ በ1946 ከዲዚ ጊለስፒ ጓድ ጋር አገር ለአገር ዞረች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስሟ ከእርሱ ስም ይልቅ በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ሆኖም የደቀ መዝሙርነቱን ቦታ የያዘችው እርሷ ነበረች። ጥሩምባው የሚያደርገውን በጉሮሮዋ ለማድረግ ትሞክር እንደ ነበር ራሷ በኋላ ተናግራለች።

ይህ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ሙዚቃ ላልተማረ ሰው ላስረዳ። ጥሩምባ የሚነፋው ሰው በጣቶቹ የሚጫነው ነገር አለው፤ ፒያኖም የሚመታው ቍልፉ ከፊቱ ተደርድሮለታል። ዘፋኝ ግን የምትጫነው ምንም ነገር የላትም። ድምፁን ከማውጣቷ በፊት በውስጧ መስማት አለባት። ከዚህም በላይ ከሥር ያሉት የድምፆች ኅብር በየሁለት ምቱ እየተለዋወጡ ይሄዳሉ፤ አሁን የሚስማማው ድምፅ ከአንዲት ትንፋሽ በኋላ አይስማማም። ስለዚህ የሚመጣውን ኅብር አስቀድማ ማወቅ፣ ለእርሱ የሚሆነውን ዜማ መምረጥና ምቱን ሳትለቅ ማድረስ ይኖርባታል፤ ይህም ሁሉ በዓይን ጥቅሻ ውስጥ ነው። በ1945 «ፍላይንግ ሆም»፣ በ1947 ደግሞ «ሃው ሃይ ዘ ሙን» የተባሉትን ስታስቀዳ ይህን ትምህርት ምን ያህል እንዳጠናችው ታወቀ። በዚያው በ1947 ባስ ተጫዋቹን ሬይ ብራውንን አገባች፤ ትዳሩ ግን አልሰነበተም።

ለእኔ ግን ከሁሉ የከበደው ትምህርት ሦስተኛው ነው። ይኸውም መተው ነው። በ1950 ከኤሊስ ላርኪንስ ፒያኖ ጋር ብቻ ሆና የገርሽዊንን ዘፈኖች አስቀዳች፤ ከበሮ የለም፣ ጥሩምባ የለም፣ መሸሸጊያም የለም። በ1956 ደግሞ ሥራ አስኪያጇ ኖርማን ግራንዝ ቨርቭ የተባለውን የሸክላ ማሳተሚያ አቋቁሞ የኮል ፖርተርን ሠላሳ ሁለት ዘፈኖች እንድትዘፍን አደረገ። ከዚያም እስከ 1964 ድረስ እየቀጠለች ስምንት እንዲህ ያሉ ስብስቦችን ፈጸመች። ከእነርሱም አንዱ የዱክ ኤሊንግተን ሥራ ነው፤ ይህ ሰው በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ሙዚቃውን ያሰማው ነው። በእነዚህ ሸክላዎች ላይ ጥሩምባን መምሰል የምትችለው ሴት አብዛኛውን ጊዜ ጌጡን ወደ ኋላ ትታ ቃሉን አጥርታ፣ ዜማውን እንደ ደራሲው አሳብ ታሰማለች። ሁሉን ማድረግ የሚችል ሰው ጥቂቱን ብቻ ለማድረግ መምረጡ ልዩ ተግሣጽ ይጠይቃል። አንዳንድ ተቺዎች «የኤላ ዘፈን እንደ ቢሊ ሆሊዴይ ዘፈን ኀዘኑ ጥልቅ አይደለም» ይላሉ። እኔም ሁለቱን አነጻጽሬ ሰምቻለሁና ፈጽሞ ሐሰት ነው አልልም። ይሁን እንጂ ያን ያህል መከራ ያየ ሰው የደስታን ዜማ አጣርቶ ማውጣቱ ከኀዘን የሚያንስ ነገር ሆኖ አልታየኝም።

አሁን ወደ ልጅቱ ጥያቄ እንመለስ። ኤላ ኮኒ ቦስዌልን መሰለች፤ ከዚያ ጥሩምባዎችን መሰለች፤ ከዚያ ለደራሲዎቹ ቃል ታዘዘች። የራሷ ድምፅ የት ጠፋ?

በፌብሩዋሪ 1960 በበርሊን ከተማ በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት «ማክ ዘ ናይፍ» የተባለውን ዘፈን ስትዘፍን ከመካከል ላይ ቃሉ ጠፋባት። ሙዚቃው ግን አይቆምም። እርሷም አልቆመችም። ቃሉ እንደ ጠፋባት ራሱን ግጥም አድርጋ በዜማው ላይ አስቀመጠችው፤ ዘፈኑን ከእርሷ በፊት የዘፈኑትን ሰዎች ስም ጠራች፤ የሉዊ አርምስትሮንግንም ሻካራ ድምፅ አስመስላ አሰማችና ዘፈኑን በሰላም አደረሰችው። እዚያ ላይ የሠራችው የእኛን አዝማሪ ሥራ ነው ብዬ ብናገር ማጋነን አይሆንም። ይህ ቅጂ በ1961 ግራሚ የተባለውን ሽልማት አስገኝቶላታል። ልብ በሉ፤ በዚያች ደቂቃ ውስጥ የሳቮይ ምት አለ፤ የዲዚ ጊለስፒ ጆሮ አለ፤ የሌላ ሰው ድምፅ መምሰልም አለ። ነገር ግን ከዓለም ዘፋኞች መካከል ያን ያደረገችው ማን እንደ ሆነች የሚጠራጠር ሰው የለም። በዚያው ምሽት «ሃው ሃይ ዘ ሙን»ን ደግማ ዘፍናዋለች። የ1947ቱን ቅጂ አግኝታችሁ ከዚህ ጋር አስተያዩት፤ ርዝመቱ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ በመካከሉም ከሌሎች ዘፈኖች የተቀነጨቡ ዜማዎች እየተሰፉ ገብተውበታል። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያንኑ ዘፈን ስትማረው ነበረች ማለት ነው።

ለልጅቱ ከዚህ ሁሉ ጥቂቱን ነግሬአት ነበር። አድምጣ ሄደች፤ ወደ አሠልጣኙ ግን አልተመለሰችም። ዛሬም በየሠርጉ ትዘፍናለች፤ በዚያም እናቷን ትጦራለችና ልነቅፋት አልደፍርም። ድምፅዋ ያው መልካሙ ድምፅ ነው። ባለፈው ዓመት በአንድ ሠርግ ላይ ተቀምጬ ሰማኋት፤ የዘፈነቻቸው ሦስቱ ዘፈኖች በወላጆች ቀን የዘፈነቻቸው ነበሩ። ሰውም አጨበጨበ።

ኤላ ከዕድሜዋ ብዛትና ከስኳር በሽታዋ የተነሣ ድምፅዋ እየሳሳ፣ ዓይኗም እየደከመ ሄደ። ከፍ ያሉት ድምፆች እንደ ቀድሞው አይታዘዟትም ነበር። ስለዚህ በኀምሳ ስድስት ዓመቷ፣ በ1973፣ ከጆ ፓስ ጊታር ጋር ብቻ ሆና ዝግ ያሉ የፍቅር ዘፈኖችን ማስቀዳት ጀመረች፤ ያላትን ድምፅ በምን ዐይነት ማዋል እንደሚቻል ልትማር ነው። ይህን ሥራ ከእርሱ ጋር በ1976፣ በ1983ና በ1986 ደጋገመችው። በዚያው በ1986 የልብ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። የመጨረሻዋን ሸክላ በ1989 ስታስቀዳ ዕድሜዋ ከሰባ አልፎ ነበር።