ክሪክ ያነሣል እንጂ ዋስ አይሆንም

ወታደር ጠብመንጃውን፥ ገበሬ ሞፈሩን፥ ጸሐፊም ብዕሩን እንዲጠብቅ ይመከራል። መኪና ያለው ሰው ግን ክሪኩን እንዲጠብቅ የሚመክረው የለም። መኪናዪቱን ያጥባታል፥ የሞተሯን ዘይት ይለውጣል፥ ጎማዋን ያስነፋል፤ ክሪኩ ግን አቧራ ለብሶ ከግድግዳ ሥር ይቀመጣል፤ የሚታሰበውም ጎማ በተነፈሰ ቀን ብቻ ነው። እኛም እንደዚሁ ስናደርግ ኖረናል። አሁን ግን በገዛ ቤታችን የደረሰብንን ነገር የቤት አባቶችና እመቤቶች ይጠነቀቁበት ዘንድ ሳንሸሽግ ልንጽፈው ወደድን።

ቤታችን በአዲስ ከተማ፥ በመርካቶ በራጉኤል ሰፈር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ገበያው ከአራዳ ወደዚህ ከተዛወረ ወዲህ ሰፈሩ የነጋዴና የባለ እጅ ሰፈር ሆኗል። ብረት የሚፈታው ሰው ሁሉ ዛሬም ካቻቪቴና ጎሚኒ እያለ በጣሊያን ቃል መሣሪያውን ይጠራል። እኛ ግን ፊደልና ዳዊትን በቤተ ክርስቲያን፥ ሒሳብንና የተፈጥሮ ትምህርትን በሚሲዮን ቤት ተምረን፥ ዕድሜያችን ከአርባ ካለፈ ወዲህም የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነን የክስና የመልስ ጽሑፍ እናሰናዳለን እንጂ በብረት ሥራ አልሠለጠንንም።

ከቤታችን ጎን በቆርቆሮ የተከደነች ጠባብ ስፍራ አለች። በዚያች ውስጥ ከአባታችን የወረስናት አሮጌ ፎልክስዋገን ትቆማለች። ከርሷም ጋራ በአራት ትንንሽ መንኮራኩር የሚሄድ፥ 2 ቶን ያነሣል ተብሎ የተጻፈበት የዘይት ክሪክ ይኖራል።

ባለፈው ክረምት በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የፊት ግራውን ጎማ ለመለወጥ ክሪኩን ከመኪናዪቱ ሥር አስገብተን አነሣናት። ጎማውንም ፈትተን አወጣን። የ10 ዓመቱ ልጃችን ብሎኖቹን እየተቀበለ ይረዳን ነበር። አዲሱን ጎማ ልናመጣ ጥቂት ራቅ እንዳልን አንዲት ብሎን ከእጁ አምልጣ ተንከባለለችና ከመኪናዪቱ ሥር ገባች። ልጁም ሊያወጣት በሆዱ ተሳበ።

ባለቤታችን ቡና ደርሷል ልትል ከደጅ ብቅ ባለች ጊዜ የመኪናዪቱ መከላከያ ቀድሞ ካየችው ዝቅ ማለቱን አስተዋለች። ነገር ሳታበዛ ሮጣ የልጁን እግር ይዛ ጎተተችው። ልጁ ወጥቶ እንደ ቆመ ጎማ የወለቀበት ብረት ቀስ እያለ ወርዶ መሬቱን ነካ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ክሪኩ አልተሰበረም፥ አልተንሸራተተም፤ እንደ ደከመ ሰው ብቻ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ድንጋጤው ሲበርድልን ቍጣ ያዘን። ክሪኩን የሸጠልንን ነጋዴ አታላይ ነው አልን፤ ነገ ክስ እናቀርብበታለን ብለንም ዛትን። ባለቤታችን ልጁን እንደ ታቀፈች፥ «ይህን ሁሉ ዓመት የተከሳሽን መልስ ሲጽፉ ኖረው፥ ዛሬ መልሱን ሳይሰሙ ይፈርዳሉን?» አለችን። ዝም አልን፤ የምንመልሰው ነገር አልነበረንም።

በማግሥቱ ክሪኩን አሸክመን አሮጌ ዕቃ ወደሚታደስበት ወደ ምናለሽ ተራ ወረድን። በዚያም ክሪክ በመጠገን የታወቁ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ወዲያው አልፈቱትም። የዘይት መጨመሪያውን መክደኛ ነቅለው ጣታቸውን ነከሩ፥ አሸተቱም። «ጌታዬ፥ ምን ጨመሩበት?» ሲሉ ጠየቁን።

ነገሩ ያን ጊዜ ትዝ አለን። ከጥቂት ወራት በፊት ክሪኩ እስከ ጫፍ ድረስ አልነሣ ብሎን ዘይቱ እንደ ጐደለ ገምተን ነበር። የክሪክ ዘይት ለመግዛት ሰንፈን፥ ከመኪናዪቱ የተረፈውን የፍሬን ዘይት ጨመርንበት። ሁለቱም ዘይት ይባላሉና ልዩነት ያላቸው አልመሰለንም። «የፍሬን ዘይት ነው፥ አባባ» አልናቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፈትተው ያወጡትን ጎሚኒ በእጃችን ላይ አኖሩልን፤ እንደ ራሰ ቂጣ አብጦና ለስልሶ ነበር። ተከሳሹ መልሱን ሰጠ፤ ጥፋተኛውም ነጋዴው ሳይሆን እኛ ሆነን ተገኘን።

ክሪኩ የሚሠራበትን ጥበብ በሚሲዮን ቤት ተምረነው ነበር፤ ዳሩ ግን ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ እጃችን አልደረሰም። ፓስካል የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ፥ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በአንድ በኩል ቢጫኑት ግፊቱን ሳይቀንስ ወደ ወገን ሁሉ እንደሚያደርስ አስረዳ፤ ጽሑፉም እርሱ ከሞተ በኋላ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1663 ዓ.ም. ታተመ። በዚህም ሕግ ብራማ የተባለው እንግሊዛዊ በ1795 ዓ.ም. የውሃ መጭመቂያ መኪና አወጣ፤ በ1851 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ደጀን የተባለው ሰው በእጅ የሚያዝ ክሪክ ሠራ።

በክሪኩ ውስጥ አንድ ቀጭን ፒስቶንና አንድ ወፍራም ፒስቶን አሉ። የቀጭኑ አፍ 1 ሳንቲ ሜትር፥ የወፍራሙ 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ ስፋቱ 16 እጥፍ ነውና በቀጭኑ ላይ የዋለ የ100 ኪሎ ግፊት በወፍራሙ ላይ 1600 ኪሎ ይሆናል። ኃይሉ ግን በነጻ አይገኝም፤ ወፍራሙ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ቀጭኑ በጠቅላላው 16 ሳንቲ ሜትር መሄድ አለበት። እጀታውን ደጋግመን የምንረግጠው ስለዚህ ነው። ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ትንንሽ የብረት ኳሶች ደጁን ይዘጋሉ፤ በፒስቶኑ ዙሪያ እንዳይሾልክ ደግሞ ጎሚኒው ይከለክለዋል። እንግዲህ ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው በጥቂት ጎማና በፍሬ መሳይ ኳስ ላይ ነው። የክሪክ ጎሚኒ ለክሪክ ዘይት የተሠራ ነው፤ የፍሬን ዘይት ግን ሌላ ዓይነት ፈሳሽ ስለ ሆነ ያሳብጠዋል፥ ያበሰብሰዋልም።

ሽማግሌው ሥራቸውን ከጎናቸው ተቀምጠን እንድናይ ፈቀዱልን። አስቀድመው ክንዱን እስከ ታች አውርደው መላሹን ስፕሪንግ በጥንቃቄ አወጡ። አሮጌውን ዘይት በሙሉ አፈሰሱ። ትልቁን ዳዶ ፈትተው ፒስቶኑን አወጡና ብረት ብረቱን በነጭ ጋዝ አጥበው በንጹሕ ጨርቅ አደረቁ። ኳሶቹን እንዳይጠፉና ቦታቸው እንዳይለዋወጥ በተራ በቡና ሲኒ ውስጥ አኖሯቸው። በልኩ የተገኘውን አዲስ ጎሚኒ ዘይት ቀብተው አገቡት። ክብደት ሲበዛ ዘይቱን የሚያሳልፈውን ትንሽ ብሎን ግን አልነኩትም፤ «ይህን የሚነካ ሰው ክሪኩን ከዐቅሙ በላይ ያሸክመዋል» አሉን።

ሲገጥሙትም ክንዱ እንደ ወረደ ሆኖ አዲስ የክሪክ ዘይት እስከ መጨመሪያው ቀዳዳ ከንፈር ድረስ ሞሉት። ከዚያ መልቀቂያውን ብሎን ከፍተው እጀታውን 15 ጊዜ ያህል ቶሎ ቶሎ ረገጡት፤ በዘይቱ መካከል የገባው አየር በዚህ ይወጣል። አየር ያለበት ክሪክ ሲረግጡት እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፤ ዘይት የጐደለበት ሙሉ ቁመቱን አይደርስም፤ ቀስ እያለ የሚወርድ ደግሞ ወይ ጎሚኒው አርጅቷል፥ ወይ ከኳሱ ወይም ከመልቀቂያው ብሎን መቀመጫ ላይ እድፍ ገብቷል። ይህን የሚያውቅ ሰው ክሪኩ ምን እንደ ጐደለው ሳይፈታው ያስተውላል።

የጥገናውን ዋጋ ከፍለን ስንነሣ ስለ ልጁ ነገርናቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው፥ «ጌታዬ፥ ዛሬ ስላደስሁት አይመኑት» አሉን። «ክሪክ ሥራው ማንሣት ነው፤ ዋስ መሆን አይችልም። ዋሱ ከሥሩ የሚቆመው ብረት ነው።»

በፍርድ ቤት ስለ ዋስ ስንት ጽሑፍ እንደ ጻፍን ቍጥሩን አናውቀውም። ዋስ ማለት ዋናው ሰው ቢቀር ዕዳውን የሚሸከም ነው፤ ዋስ ሳይጠራ ብድር የሚሰጥ ሰው ቢከስር በማንም አይፈርድም። እኛ ግን የልጃችንን ነፍስ ያለ ዋስ ለአንድ ጎሚኒ አበድረን ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ሥርዐት አቁመናል። መኪናዪቱ የምትነሣው በደልዳላ መሬት ላይ ነው፤ መሬት በሚነኩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ይደረጋል። እንደ ተነሣችም ሁለት የብረት መቆሚያ ከሥሯ ይገባና በነርሱ ላይ ትወርዳለች፤ ይህ ሳይሆን ማንም እጁን እንኳ አያስገባም። ክሪኩን በየ3 ወሩ እንጠርገዋለን፥ መንኮራኩሩንና መጋጠሚያውን ግራሶ እንቀባዋለን፥ የዘይቱን ልክ ክንዱን አውርደን እናያለን። ሥራም ሲያልቅ ክንዱን ዝቅ አድርገን፥ ዝናብ በማይነካው ስፍራ በጨርቅ ሸፍነን እናኖረዋለን። የክሪኩ ዘይት ጠርሙስ ስሙ በትልቁ ተጽፎበት ለብቻው ተቀምጧል።

የመጀመሪያዪቱ መኪና በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። መንዳቱን ሁላችንም ተምረናል፤ ከሥሯ የሚገባውን ሰው መጠበቅን ግን ገና አልተማርንም።

ለልጃችንም እውነቱን ነገርነው፤ ክሪኩ የወረደው በእኛ ስንፍና እንደ ሆነ ሳንሸሽግ አስረዳነው። ልጁ ጥቂት አሰበና፥ «ታዲያ ነጋዴውን ይቅርታ ጠየቃችሁትን?» አለን። እኛም በማግሥቱ ሄደን ጠየቅነው።