ትሉ ይመስክር

እኛ አገር የተቃጠለ ዘይት ብዙ ሙያ አለው። አንዱ ምስጥ እንዳይበላበት የአጥር እንጨቱን ይቀባበታል፤ ግንበኛው ኮንክሪት እንዳይጣበቅበት ጣውላውን ይቀባበታል። የተረፈውን የጋራዡ ደጅ መሬት ይጠጣዋል። ባሕር ዳር ላይ ነገሩ ከበድ ይላል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ መንገዱን ያውቀዋላ! ወይ ወደ ጣና፣ ወይ ወደ ዓባይ።

“መርዝ ነው ወይ?” ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልሱ እንደ ሰዉ ነው። የጋራዡ ሰው “ሃያ ዓመት ነካሁት፤ ምን ሆንኩ?” ይላችኋል። ምሁሩ ደግሞ የኬሚካል ስም ይደረድርላችኋል። እዚያ አፈር ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር መኖር ይችል እንደሆነ ግን ሁለቱም አልነገሩን።

ይህን የሚመልስልን የመሬት ትል ነው። አዎ፣ ልጆች መንጠቆ ላይ የሚሰኩት ትል! ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ትልን የማውቀው የውርደትና የመቃብር ምሳሌ ሆኖ ነበር። ሳይንስ ግን ወንበር ሰጥቶታል። ቻርለስ ዳርዊን በ1881 እ.ኤ.አ. ስለ እሱ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ። ኦኢሲዲ የተባለው የአገሮች ድርጅት ደግሞ በ1984 እ.ኤ.አ. በትል መርዝ የሚፈተንበትን ሥርዓት አወጣ።

ፈተናው ውስብስብ አይደለም። የሚጠረጠረው ዝቃጭ በተለያየ መጠን ከንጹሕ አፈር ጋር ይደባለቃል፤ አንዱ ዕቃ ለማነጻጸሪያ ንጹሑን እንደያዘ ይቀመጣል። በየዕቃው 10 ትሎች ይገባሉ፤ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ይቆጠራሉ። ትል ሳንባ የለውም፤ የሚተነፍሰው በእርጥብ ቆዳው ነው፤ አፈሩንም ይበላዋል። ስለዚህ መርዙ በውጭም በውስጥም ያገኘዋል። ሞት እንኳ የማይጠበቅበት ሌላ መንገድ አለ። ዕቃው ለሁለት ይከፈልና በአንዱ ወገን ንጹሕ፣ በሌላው የተበከለ አፈር ይደረጋል። በ48 ሰዓት ውስጥ ትሎቹ ወደ ንጹሑ ከተሰደዱ ነገሩ ግልጽ ነው።

ትሉ ሁሉን አዋቂ አይደለም። የትኛው መርዝ እንደሆነ አይነግረንም፤ ለውሃውም ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። ግን ጉቦ አይበላም፣ ዘመድም የለውም።

ሕጉማ አለን። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የበከለ ያጽዳ፣ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። ጣናም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኗል። አዋጅ ግን ያለ ምስክር ምን ያደርጋል?

“ምስኪን ትል ለምን ይሙት?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። አዛኝ ልብ ነው፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ወዳጄ፣ እኛ ባንፈትንም ፈተናው አይቀርም። ትሉ ካልተፈተነ እጁን ዘይት ውስጥ ነክሮ የሚውለው የጋራዥ ልጅ ይፈተናል፤ ከቦዩ በታች ጎመን የምትተክለው እናት ትፈተናለች። ልዩነቱ፣ እነሱን በ14ኛው ቀን የሚቆጥራቸው የለም።